አሥራ ዘጠኝ ደረጃ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ማተሚያ ቤት ዋልኩ። የአውቶቡስ የሰዓት ሰሌዳ ሳርም። ሁለት አውቶቡሶች በአንድ ደቂቃ አንድ ቦታ ላይ ቆመው አገኘኋቸው፣ ለያየኋቸው። አለቃዬ «ጎበዝ» አለኝ። በዓመት አንዴ ነው የሚለው።

ቤት ገብቼ ሰባተኛውን መጽሐፍ ጀመርኩ። ለመጀመር ሞከርኩ እንበል። ስድስተኛው ሲያልቅ ንግሥቲቱን ገደል አፋፍ ላይ፣ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ ነው የተውኳት። ስምንት ወሯ። እጇ አይዝልም እንዴ? ጻፍኩ፦ «ንግሥቲቱ ክንፏን ዘረጋች።» ከዚያስ? ትበራለች። ሁልጊዜም ትበራለች። ስድስት መጽሐፍ ሙሉ፣ በጨነቃት ቁጥር ብድግ ብላ ትበራለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰለቸችኝ…

በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት ታኮ ጫማዋን አውልቃ ከፌስታል ነጠላ ጫማ አወጣች። እግሯን ስታስገባ ፊቷ ላይ የታየው እፎይታ! ስለሷ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። አውቶቡሷ ሳይመጣ ጨረስኩ። ስድስት መጽሐፍ ጽፌ እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምን ሆኛለሁ?

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

አሳታሚው ዘንድ ሄድኩ። የሰባተኛው መጽሐፍ ሽፋን ተሠርቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ንግሥቲቱ፣ ገደሉ፣ ሁለቱ ጨረቃዎች። ያምራል። ልቤ ትንሽ ፈራ።

«ከእንግዲህ ስለ ሰው ነው የምጽፈው» አልኩት።

«እስካሁን ስለ ምን ነበር?»

«ክንፍ ስለሌለው ሰው ማለቴ ነው።»

«ያለ ዘንዶ?»

«ያለ ዘንዶ።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ትንሽዬ እንኳ… ጓዳ ውስጥ ተኝታ የምትውል?»

«የለችም።»

ሽፋኑን በእጁ ጠረገው። አቧራ የለበትም። «በል ሠላሳ ገጽ አምጣልኝ። እስከ ጥር መጨረሻ። ሳነበው እንቅልፍ ከወሰደኝ ወደ ገደልህ ትመለሳለህ።» ተስማማን። ደረጃውን እየወረድኩ አፏጨሁ። ታች ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስለ ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ስለ ምን? ሌላ ምን አለኝ። ስለ ቤታችን ነው። አባባ ስለታመመባቸው አራት ዓመታት።

አባባ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። የሰውን ሁሉ ውሃ ፎቅ ሲያወጣ ኖሮ፣ የራሱ ቤት ውሃ ፎቅ አይወጣም ነበር። «ነገ እሠራዋለሁ» እንዳለ አንድ ቀን ጠዋት ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ምላሱም አብሮ። ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ታች፣ አባባ ላይ። መናገር ስለማይችል የአልጋውን ብረት በመፍቻው ይመታላት ነበር። አንዴ ከመታ ውሃ፣ ሁለቴ ከመታ አገላብጪኝ። ሦስቴም ይመታ ነበር መሰለኝ… ምን ማለት እንደነበር አላውቅም። እሷ ሥራዋን ጥላ ትወጣለች። አራት ዓመት።

እኔስ? ራቅ ብዬ ክፍል ተከራይቼ እጽፍ ነበር። እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ሁሉንም እሑድ እንኳ አይደለም። አባባ ካረፈ ሦስት ዓመት ሆነው፣ ስለዚያ ጊዜ ከእህቴ ጋር አንድ ቀን አውርተን አናውቅም። ዝም አይነቅዝም ብለን።

እንግዲህ እሱን ልጽፍ ነው። ምን ቆርጦኝ!

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄድኩ። ስድስቱንም መጽሐፍ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ደንበኛ ሲበዛበት ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፣ ተራቸውን ረስተው ይቀመጣሉ። ግማሽ ጢሜ እንደተላጨ ነገርኩት። ስህተት። ምላጩን ይዞ ቆመ።

«ንግሥቲቱስ?»

«ትቆያለች።»

«እዚያው ተንጠልጥላ?»

«አዎ።»

«አንተስ ሰው አይደለህም» አለኝ። ሌላው ግማሽ ጢሜ ላይ ብዙ ቆየ። ሲጨርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦ «የምትጽፈው ስለ እውነተኛ ሰው ነው?»

«አዎ።»

«ፀጉር አስተካካይ ይኖረዋል?»

«ሊኖረው ይችላል።»

«ካለው ረዘም አድርገው።»

ቁመቱ ትከሻዬ ድረስ ነው።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

አሥራ አንድ ገጽ ሞላ። ደስ ብሎኝ ከመጀመሪያው አነበብኩት። አባባ ገና አልተወለደም።

መንደሩን ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ማን እንደቆረቆረው አለ። ወንዙ ለምን እንደደረቀ አለ። ስለ ድልድዩ ብቻ ሁለት ገጽ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፣ ግን ሥሩ ይሄን ያህል ይወርዳል? ካርታም ሥዬ አገኘሁ። ለቤታችን ካርታ! ታች ሱቅ፣ ላይ ክፍል፣ ጥግ ላይ ሰሜንን የሚያመለክት ቀስት ሳይቀር። ከግድግዳው ማዶ «ያልታወቀ ምድር» የሚል ጽፌበታለሁ። ጎረቤት እኮ ነው።

ገጾቹን ቀደድኩ። ካርታውን ግን አልቀደድኩም።

ጥቅምት 22

አንድ ሰው ከቤቱ ወጥቶ ሥራው ቦታ እንዲደርስ ለማድረግ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። በድሮው ዓለሜ ቢሆን በብርሃን በር ገብቶ በዚያ ማዶ ይወጣ ነበር። ይሄኛው ካልሲውን ይፈልጋል።

ኅዳር 1፣ እሑድ

እህቴ ዘንድ። ሱቋን ገበያ አጠገብ ካዛወረች ወዲህ እሑድ የምንገናኘው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። እሷ የሰኞን ሥራ ትዘመዝማለች፣ እኔ የጻፍኩትን አነብላታለሁ። ልማዳችን ነው፤ አባባ በሕይወት እያለ ጀምሮ። ስትሠራ ስፒሎቿን በከንፈሯ ነው የምትይዘው። ምዕራፉ ጥሩ ከሆነ ስፒሎቹ እዚያው ይቆያሉ። መጥፎ ከሆነ ታወጣቸዋለች፣ መናገር ስላለባት። ሁለተኛው መጽሐፍ ላይ አንዴ አወጣቻቸውና «ይቺ ንግሥት ሽንት ቤት አትሄድም?» አለችኝ። 

አብልጣ የምትወደው ጠንቋይዋን ነው። ባለ ሁለት ራሷን። አንደኛው ራስ ይሳደባል፣ ሌላኛው መድኃኒት ይቀምማል። ድንጋይ የሆነውን ንጉሥ አዝላ ዘጠና ዘጠኝ ደረጃ ግንብ ላይ ትወጣለች። ጨረቃ በሞላች ቁጥር ደግሞ አንድ ልዑል በወፍ ተቀምጦ ይመጣል፣ ተረት አውርቶላቸው ይሄዳል። ጠንቋይዋ እህቴ ናት። ተኳርፈን የከረምን ጊዜ ነው የጻፍኳት። ልዑሉ ማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ መልኩን ግን አሳምሬዋለሁ። እህቴ ይሄን ሳታውቅ «ይቺ ሴትዮ እኮ ታስቀኛለች» ትላለች። እኔ አንገቴን ደፍቼ አነባለሁ።

ዛሬ ምንም አላነበብኩላትም። «አልደረሰም» አልኳት።

«ንግሥቲቱ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

ስለሷ እየጻፍኩ መሆኑን አልነገርኳትም። እኔ አርባ አራት ዓመቴ ነው፣ እሷ ሃምሳ። አሁንም እፈራታለሁ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ሄደልኝ! ዘጠኝ ገጽ በሦስት ቀን። ገጹ ላይ ያለችው እህት ትዕግሥቷ ልክ የለውም። አትቆጣም፣ አትሳደብም፣ እየዘፈነች ደረጃ ትወጣለች። ወንድምየውም ደግ ሆኖ ወጣ። አብሯት ይኖራል። አባታቸውን በሁለት ጎን ደግፈው ወደ መስኮቱ ሲያስጠጉት ዓይኔ እንባ ሞላ። ስለ ራሴ ጽሑፍ ማልቀስ… ጥሩ ምልክት መሆን አለበት።

ኅዳር 19

አውቶቡስ ላይ ባልና ሚስት ስለ አንድ ባልዲ ሲጨቃጨቁ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁ። ባልዲውን ማን ነው ያዋሰው? ለማን? ፌርማታዬን አለፍኩ፣ ቀጣዩንም። ሦስተኛው ላይ ወረዱና ሳይፈቱት ሄዱ። በእግሬ ተመለስኩ። ባልዲው እስካሁን ያሳስበኛል።

ታኅሣሥ 2

ሃያ ስድስት ገጽ። ፀጉር አስተካካዩን አስገባሁት። ረዘም አድርጌዋለሁ። እውነትን ከአሁኑ ማጠፍ ጀመርኩ እንዴ? ኧረ ተወኝ፣ ለአንድ ሰው ቁመት!

ታኅሣሥ 13፣ እሑድ

ሁሉንም ይዤ ሄድኩ። ሃያ ዘጠኝ ገጽ። እህቴ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ ትዘመዝማለች። ስድስት ስፒል በከንፈሯ። «የንግሥቲቱ አይደለም» አልኳት። በቅንድቧ «ቀጥል» አለችኝ።

አነበብኩ። አንደኛው ገጽ፣ ሁለተኛው… ስፒሎቹ እዚያው ናቸው። አራተኛው ገጽ ላይ፣ እህትየው እየዘፈነች «ጥቂት ደረጃዎችን» የምትወጣበት ቦታ፣ አንድ ስፒል አወጣች። መርፌ መሰኪያዋ ላይ ሰካችው። እንዳላየ ሆኜ ቀጠልኩ። ሌላ አወጣች። ወንድምና እህት አባታቸውን በሁለት ጎን ደግፈው፣ እኔ ያለቀስኩበት ቦታ ላይ ስደርስ ስድስተኛዋን ሰካች።

«ይቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«አንቺ ነሽ እትዬ።»

«እኔ? እኔ መቼ ነው ደረጃ ላይ የዘፈንኩት? በየትኛው ትንፋሼ?»

«ለማሳመር ያህል…»

«ደረጃው ጥቂት ነው አልክ?»

«ስንት ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። «አሥራ ዘጠኝ። ውሃው ታች፣ አባባ ላይ፣ መሃሉ አሥራ ዘጠኝ። ለዚያች ጠንቋይ እንኳ ዘጠና ዘጠኝ ስትልላት ደስ ብሎኝ ነበር። በቀን አምስቴ ብወጣ ዘጠና አምስት ነው። ወንድሜ ቆጥሮልኛል፣ አራት ደግሞ መርቆልኛል አልኩ።»

ክው አልኩ። «ጠንቋይዋ አንቺ መሆንሽን ታውቂ ነበር? ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ገጽ ነዋ። ስድቡ የኔ ስድብ! ሌላ ማን እንደዛ ይሳደባል?» ሳቀች። እኔም ልስቅ ስል ወረቀቱን በጣቷ ነካ አደረገችው። «ይሄ ወንድምየውስ? አባቱን የሚያገላብጠው?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«ሌላ ወንድም አለን እንዴ? ቢኖረንማ ወገቤን እንዲህ አያመኝም ነበር። በወፍ የሚመጣውን ልጅ አውቀዋለሁ። ይሄኛውን አላውቀውም። ዘንዶውን ትተህ ከዘንዶ የባሰ ውሸት ይዘህ መጣህ።»

«ላስተካክለው እችላለሁ…»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች። ስፒሎቿን አንድ በአንድ ነቅላ ወደ አፏ መለሰች። ወሬው አለቀ ማለት ነው።

ዘጠና ዘጠኝን የመረጥኩት ለጆሮ ስለሚጥም ብቻ ነው። አልነገርኳትም። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 14

አኩርፌያለሁ።

ታኅሣሥ 15

አሁንም።

ታኅሣሥ 17፣ ሐሙስ

ወደ ንግሥቲቱ ተመለስኩ። እሷ እንኳ ወገቤን አመመኝ አትልም። ከገደሉ አወጣኋት። ፀጉር አስተካካዩ ቢሰማ ይባርከኛል። ግንቡ ሥር አደረስኳት። ጠንቋይዋ ንጉሡን አዝላ ደረጃውን እየወጣች ነው። ንግሥቲቱ ቀና ብላ አየቻትና «ላግዝሽ?» አለቻት።

ይሄን አላሰብኩትም፣ እጄ ነው የጻፈው። ስድስት መጽሐፍ ሙሉ ማንም «ላግዝሽ» ብሏት አያውቅም። መጽሐፎቹን አገላብጬ ፈለግኩ። የለም። ደብተሩን ዘጋሁት።

ታኅሣሥ 20፣ እሑድ

«ሥራ ይዞኛል» ብዬ ለእህቴ ደወልኩ። ሥራ የለኝም። «እሺ» አለች። ያንን «እሺ» ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 24፣ ሐሙስ

ከማተሚያ ቤት አስፈቅጄ ወደ ድሮው ቤታችን ሄድኩ። አሁን የጥርስ ክሊኒክ ሆኗል። ዝም ብሎ ገብቶ ደረጃ መቁጠር ደግሞ አይቻልም፣ «ምን ፈልገው ነው?» ይላሉ። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኩ። ካርድ አወጣሁ። የሚገርመው፣ ተራ ስጠብቅ እውነትም ያመኝ ጀመር።

የእህቴ የስፌት መኪና የነበረበት ቦታ ላይ የካርድ ክፍሉ መስኮት ቆሟል። ስሜ ተጠራ። መውጣት ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ሰባተኛው ላይ ስልክ እያወራች የምትወርድ ሴት ገፋችኝና ቁጥሩ ጠፋብኝ። ወረድኩ። እንደገና ጀመርኩ። ነርሷ ከላይ ሆና «ፈርተው ነው?» አለችኝ። አሥራ ዘጠኝ ነው። ባዶ እጄን ሆኜ አሥራ አራተኛው ላይ ትንፋሽ አጠረኝ።

የሐኪሙ ክፍል የአባባ ክፍል ነው። ወንበሩ አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ራስጌውም በዚያው በኩል። «ጋደም ይበሉ» አለኝ። ጋደም አልኩ፣ አፌን ከፈትኩ። አራት ዓመት እዚያ ክፍል ስገባ ስወጣ አንድ ቀን ከዚህ በኩል አይቼው አላውቅም። እኔ የምቀመጠው በሩ አጠገብ፣ ለመውጣት የሚመቸው ወንበር ላይ ነበር። ከዚያ ሆኖ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። ከአልጋው በኩል ግን መንገዱ ይታያል። ፌርማታው ይታያል። ማዕዘኑ ላይ ያለው መድኃኒት ቤትም። በሩ ላይ አንድ ሰውዬ ቆሟል፣ የሸሚዙ ቀለም እንኳ ይለያል።

«ያማል?» አለኝ ሐኪሙ።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ነቀለው።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ጉንጬ አብጧል። በደህና ጥርሴ ሄጄ በባዶ ድዴ ተመለስኩ። ሐኪሙ «ደህና አልነበረም፣ ሥሩ ተበልቷል» ብሏል። ቢሆንም፣ ለአንድ ቁጥር! ስስቅ አመመኝ።

ከዚህ በታች ያለውን እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄጄ የተመለስኩባቸው እሑዶች አሉ። ስንት? አሥር… ከአሥርም በላይ። ከአውቶቡስ እወርዳለሁ። ማዕዘኑ ላይ ቆሜ መስኮቱን አያለሁ። እግሬ እምቢ ይለኛል። ከዚያ ለእህቴ «ሥራ ያዘኝ» ብዬ እደውላለሁ። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬም ልዑሉን በወፍ አስመጣዋለሁ። ልዑሉ አንድም ጨረቃ ቀርቶ አያውቅም።

አባባ ያየኝ ነበር ማለት ነው?

ታኅሣሥ 27፣ እሑድ

ሄድኩ። እህቴ ጉንጬን አይታ «ማን መታህ?» አለችኝ።

«ቤታችን።»

የክሊኒኩን ነገር ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ደረጃ ለመቁጠር ጥርስህን ሰጠህ?» እያለች ዓይኗን ጠረገች። «እኔ ስነግርህ አታምንም ነበር?» ከዚያ ከወንበሩ ላይ ሆኖ የሚታየውን ነገርኳት። መድኃኒት ቤቱን። እየቀረሁ ሳይሆን፣ እየመጣሁ እንደምመለስ። የስፌት መኪናዋን አቆመች።

 ከዚያ እንዲህ አለች፦ «ሦስቴ ሲመታ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ልጄ መጣ፣ ውሃ ጣጂ ማለት ነበር። ሻይ ሳትጠጣ እንድትሄድ አይፈልግም።»

ሁልጊዜ ስገባ ውሃው ተጥዶ አገኝ ነበር። እንዴት ታውቃለች እል ነበር… እህት ናት፣ ታውቃለች እል ነበር።

«እጥዳለሁ» አለች። «ወጥቼ ሸሚዙን እቀይርለታለሁ፣ በተኛበት ሸሚዝ እንድታየው አይወድም። አንዳንድ ቀን ታዲያ ውሃው ይፈላል፣ ይፈላል፣ አንተ የለህም። ከዚያ ሥራ ያዘኝ ብለህ ትደውላለህ። አባባ፣ ሰው ተመሳስሎብህ ነው እለው ነበር። እሱ ደግሞ ይመታል። ሦስቴ። እኔ ዓይኑ ደንግዞበታል ብዬ… ለካ ዓይኑ ደህና ነበር።»

ምን ይባላል? ወለሉ ላይ የወደቀ ክር አነሳሁ።

«ለምንድን ነበር የምትመለሰው?»

«እንደዚያ ሆኖ ሳየው አልችልም ነበር።»

«እኔስ?»

 አለቀስኩ፣ ያበጠ ጉንጬን ይዤ። እሷ አላባበለችኝም። የስፌት መኪናዋን አስነሳች። ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ሳትዞር፦ «እሱን ጻፈው። ማዕዘኑን። ሸሚዙን። የውሃውንም ነገር።»

«አትቆጪኝም?»

«ጽፈህ አምጣና እናያለን።»

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሃያ ዘጠኙንም ገጽ ጣልኩ። የተረፈው ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ነው። ወደ ቁመቱ መልሼዋለሁ። ይቅር ይበለኝ።

ጥር 9፣ ዓርብ

በቀን አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ። አንድ እጁ የማይታዘዝለትን ሰው ሸሚዝ ስታለብስ የቱ እጅ ይቀድማል? ማወቅ ነበረብኝ። አላውቅም። ለእህቴ ደወልኩ።

«የታመመው» አለች። ዘጋች።

ጥር 13

ዛሬ ገጹ ላይ እህትየው ተሳደበች። አፏ የተባረከ ነው፣ ሁለት ራስ አላስፈለጋትም። ብቻዬን ስስቅ የጎረቤት ሰው ግድግዳውን መታብኝ። እዚህም ከግድግዳው ማዶ ያለው «ያልታወቀ ምድር» ሰው አለበት ለካ።

ጥር 17፣ ቅዳሜ

አሳታሚው ደወለ።

«ዘንዶ ገባ?»

«አልገባም።»

«ታዲያ ክፉው ማን ነው?»

«ወንድምየው» አልኩት። «ክፉ እንኳ አይደለም። ማዕዘን ላይ ቆሞ የሚመለስ ሰው ነው።»

ስልኩ ውስጥ ዝምታ ሆነ። እንቅልፍ ወሰደው እንዴ አልኩ። «አምጣው እስቲ» አለ በቀስታ።

ጥር 25፣ እሑድ

ነገ ለአሳታሚው እሰጣለሁ። ሠላሳ አንድ ገጽ። ባይወደው ንግሥቲቱ አለች፣ አልከፋባትም፤ ብዙ ዓመት አብልታኛለች። ግን እንዲወደው እፈልጋለሁ። ለምን እዋሻለሁ። በጣም እፈልጋለሁ።

ዛሬ ግን እሑድ ነው። እህቴ ዘንድ ሄድኩ። የአንድ ሰውዬ ሱሪ ታሳጥራለች። ስምንት ስፒል በከንፈሯ። መቁጠር ለምዶብኛል።

«ደረጃው አሥራ ዘጠኝ ነው» ብሎ ይጀምራል። ስፒሎቹ እዚያው ናቸው። እህትየው ባልዲ ይዛ እየወጣች ቧንቧውን፣ አባቷን፣ ወንድሟንና ውሃ የሚባለውን ነገር ሁሉ በየተራ ስትራገም የእህቴ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ስፒል ይዞ መሳቅ አደገኛ ነው፣ ቆም አልኩላት። በእጇ «ቀጥል» አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ አባባን ላጨው፣ አልጋው ከፍ ስለሚልበት እግሩ ሥር ጣውላ አድርጎ። በዚህም ራሷን ነቀነቀችልኝ፣ እውነት ነው።

ማዕዘኑ ጋ ደረስኩ። ወንድምየው ከአውቶቡስ ወረደ። መስኮቱን አየ። ላይ ቤት መፍቻው ሦስቴ መታ። ታች ውሃው ተጣደ። እህትየው ወጥታ ንጹሑን ሸሚዝ አለበሰች፣ የታመመውን እጅ አስቀድማ። ወንድምየው ዞረ። ውሃው ፈላ፣ ፈላ፣ አለቀ። ቀና ብዬ ሳላያት እስከ መጨረሻው አነበብኩ። በዚህኛው መጽሐፍ የሚበር የለም።

ወረቀቱን አስቀመጥኩ። ቀና አልኩ። ስምንቱም ስፒል ከንፈሯ ላይ ናቸው። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ልትናገር አትችልም። እጇን ሰዳ መቀሱን አነሳች። የጠረጴዛውን ጠርዝ መታች። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

ተነስቼ ውሃ ጣድኩ።